በጠርሙሱ ውስጥ ስንት ሞል አለ? ከባሕር ዳር የትምህርት ቤት ላብራቶሪ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ኅዳር 3

ከ11ኛ ክፍል የኬሚስትሪ ክበብ ተማሪዎች ጋር የጣናን ውሃ አልካሊኒቲ (አሲድን የመቋቋም አቅም) ለመለካት ተስማምተናል። አሲድ ሲጨመርበት የሐይቁ ውሃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ቶሎ እንዳይወርድ የሚያደርገው በዋናነት በውስጡ የሟሟው ባይካርቦኔት ነው፤ የባይካርቦኔቱም ልክ የሚታወቀው በሊትር ያለው መጠኑ ከታወቀ አሲድ ስንት ሚሊሊትር እንደፈጀ በማየት ነው። እንግዲህ «መጠኑ ከታወቀ» በሚለው ሐረግ ውስጥ ነው ሥራው ሁሉ የተቀመጠው። የሚያስፈልገን በሊትር 0.02 ሞል (ሞል የቅንጣቶች ብዛት መለኪያ ነው) ያለው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲሆን፣ በመደርደሪያችን ላይ ያለው ግን ቆየት ያለ፣ ከግማሽ በታች የቀረው ያልተበረዘ አሲድ ነው። የጠርሙሱ ወረቀት የሚነግረን ሁለት ቁጥሮችን ብቻ ነው፤ በክብደት 37 በመቶ፣ እፍግታ (የአንድ ሚሊሊትር ክብደት) 1.19 ግራም በሚሊሊትር። ስለ ሞል የተጻፈ ነገር የለም።

መንገዱ አጭር ነው፤ ሆኖም ደረጃ ዘለን የሄድን እንደሆነ እንሳሳታለን። አንድ ሊትር አሲድ ወሰድን እንበል። 1000 ሚሊሊትር በ1.19 ሲባዛ 1190 ግራም ሙሙት (ውሃውና በውስጡ የሟሟው አንድ ላይ) ይሆናል። ከዚህ ውስጥ 37 በመቶው፣ ማለትም 440.3 ግራሙ፣ ሟሚው ሃይድሮጅን ክሎራይድ ነው፤ የቀረው ውሃ ነው። የሃይድሮጅን ክሎራይድ የአንድ ሞል ክብደት 36.46 ግራም ስለሆነ፣ 440.3 ÷ 36.46 = 12.08 ሞል። በወረቀቱ መሠረት አሲዱ በሊትር 12.08 ሞል አለው ማለት ነው። ይህን ቁጥር በሰሌዳው ጥግ ጻፍኩትና ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አደረግሁበት፤ ጠርሙሱ በተከፈተ ቁጥር ነጭ ጭስ ሲወጣ እያየሁ ወረቀቱን ብቻ ማመን አልሆነልኝም።

ኅዳር 4

ስሌቱን ለተማሪዎቹ ሳሳይ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች፤ «መምህር፣ 37 በመቶ ማለት በ100 ሚሊሊትር ውስጥ 37 ግራም ማለት አይደለም እንዴ?» አለች። ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣል፤ መምጣቱም ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ለውሃ የቀረበ ቀጭን ሙሙት ሲሆን ልዩነቱ ስለማይታይ ሰው ሳያውቀው ይለምደዋል። መልሱን ከመናገር ይልቅ ስሌቱን ከ100 ግራም ተነስታ እንድትሠራው አደረግሁ። 100 ግራም አሲድ ውስጥ 37 ግራም ሟሚ አለ፤ ይህም 1.015 ሞል ነው። 100 ግራሙ ግን የሚይዘው ቦታ 100 ሚሊሊትር ሳይሆን 100 ÷ 1.19 = 84.0 ሚሊሊትር ነው። 1.015 ሞልን በ0.0840 ሊትር ብታካፍለው ያው 12.08 ይመጣል። እሷ መጀመሪያ እንዳሰበችው ቢሆን ኖሮ 10.15 ይወጣ ነበር፤ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

መቶኛው የሚናገረው በሚዛን ነው፤ ፒፔቱ (ፈሳሽ የምንለካበት ቀጭን ቱቦ) የሚሰፍረው ግን በቦታ ነው። በኪሎ የገዙትን ጤፍ በጣሳ እንደ መስፈር ያለ ነገር ነው፤ አንድ ጣሳ ስንት ኪሎ እንደሚይዝ ያላወቀ ሰው መስፈሪያው ምንም አይነግረውም። እፍግታ ይህንኑ የሚያስታርቅ ቁጥር ነው። ከአንድ ሊትርም ተነሱ፣ ከ100 ግራምም ተነሱ፣ የሞላሪቲው (በሊትር ያለው ሞል) መልስ አንድ ነው፤ የመነሻው መጠን በመጨረሻ ይጣፋል። እኔ አንድ ሊትር የምመርጠው ማካፈል ስለሚቀንስልኝ ብቻ ነው።

ኅዳር 5፣ ማለዳ

የዛሬው ሥራ የጠርሙሱን እውነተኛ እፍግታ መለካት ነበር። ለዚህ የተሠራ የእፍግታ ጠርሙስ የለንም፤ ሆኖም አንገቱ ላይ የልክ ምልክት ያለው ንጹሕ 50 ሚሊሊትር ቮልዩሜትሪክ ፍላስክና እስከ መቶኛ ግራም የሚያነብ ሚዛን ካለ ይበቃል። በኅዳር ማለዳ የቧንቧችን ውሃ ወደ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚጠጋ በመሆኑ፣ ፍላስኩን በባልዲ ውሃ ውስጥ አቁሞ ቴርሞሜትሩ 20 እስኪያነብ መጠበቅ ቀላል ነው። ከሰዓት በኋላ ቢሆን ኖሮ የባሕር ዳር ሙቀት ይህን ይከለክለን ነበር። የሙቀቱ ነገር የሚያስጨንቀው የእፍግታ ሰንጠረዦች ለአንድ የሙቀት መጠን የተዘጋጁ ስለሆኑ ነው።

መጀመሪያ የፍላስኩን ትክክለኛ ይዘት በውሃ አረጋገጥን። ባዶና ደረቅ ሆኖ ከነክዳኑ 38.42 ግራም መዘነ፤ እስከ ምልክቱ ዲስቲልድ ውሃ ሲሞላ 88.28 ግራም። ውሃው 49.86 ግራም ነው፤ በ20 ዲግሪ የውሃ እፍግታ 0.9982 ስለሆነ፣ የፍላስኩ ይዘት 49.95 ሚሊሊትር ሆነ። በአንገቱ ላይ የተጻፈው 50 ነው፤ እንዲህ ያለ ልዩነት በትምህርት ቤት ዕቃ ላይ የሚጠበቅ ነው።

ከዚያ ፍላስኩ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በአሲዱ ተሞላ። ይህን የሠራነው መስኮቶቹ ሁሉ በተከፈቱበት፣ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር አድርገን ነው። አሲዱ ወደ ምልክቱ ሲቃረብ በጠብታ መሆን አለበት፤ የአንገቱ ውስጠኛ ግድግዳም ከምልክቱ በላይ በወረቀት መጥረግ አለበት፤ አለዚያ እዚያ የተንጠለጠለው ጠብታ ከሚዛኑ ንባብ ጋር ይደመራል። ክዳኑ ከመዘጋቱ በፊት በአንገቱ ጫፍ ላይ ጭሱ እንደ ቀጭን ክር ሲወጣ ይታያል፤ ሚዛኑም ክዳን እስኪደረግ ድረስ የመጨረሻውን አሃዝ ቁልቁል ይቆጥራል። ተማሪዎቹ ከሁሉ በላይ የገረማቸው ይህ ነበር፤ ሟሚው በዓይናቸው ፊት እየሄደ ነው።

ንባቡ 96.91 ግራም ሆነ። አሲዱ 58.49 ግራም ነው ማለት ነው። 58.49 ÷ 49.95 = 1.171 ግራም በሚሊሊትር። በወረቀቱ ላይ ከተጻፈው 1.19 ወርዷል።

ኅዳር 5፣ ከሰዓት

በሰንጠረዡ መሠረት በ20 ዲግሪ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ እፍግታ እንዲህ ይሄዳል፤ 30 በመቶ ሲሆን 1.149፣ 34 በመቶ ሲሆን 1.1691፣ 36 በመቶ ሲሆን 1.1789፣ 38 በመቶ ሲሆን 1.1885። የእኛ 1.171 በ34 እና በ36 መካከል ይወድቃል። ከ1.1691 የሚበልጠው በ0.0019 ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ 0.0098 ነው። በተመጣጣኝ ስናካፍለው መቶኛው 34.4 ይሆናል።

እንግዲህ 1171 ግራም × 0.344 = 402.8 ግራም ሟሚ በሊትር፤ ይህም 11.05 ሞል ነው። ወረቀቱን ብቻ አምነን ብንበርዝ ኖሮ የምንሠራው አሲድ ከታሰበው ከ8 በመቶ በላይ ይደክም ነበር፤ የሐይቁም አልካሊኒቲ በዚያው ልክ ከፍ ብሎ ይነበብ ነበር።

በሰንጠረዡ ላይ ትንሽ ልቆይ። አንደኛ፣ ወረቀቱ ራሱ ከራሱ ጋር አይስማማም። በ20 ዲግሪ 37 በመቶ የሆነ አሲድ እፍግታው 1.184 አካባቢ ነው፤ 1.19 የሚሆነው 38 በመቶን አለፍ ሲል ነው። አምራቾች እፍግታውን አጠጋግተው፣ መቶኛውንም እንደ ዝቅተኛ ዋስትና ስለሚጽፉት ሁለቱ ቁጥሮች የአንድ ፈሳሽ ልክ ላይሆኑ ይችላሉ። በመማሪያ መጻሕፍት ጥያቄ ውስጥ ግን እንደ ጥንድ ተሰጥተው እናገኛቸዋለን። ለፈተና ይህ አይጎዳም፤ ለላብራቶሪ ግን ጥንዱ ከአንድ ጠርሙስና ከአንድ ቀን የተወሰደ መሆን አለበት።

ሁለተኛ፣ የሰንጠረዡ ቁልቁለት ምን ያህል ስስ እንደሆነ ልብ ይሏል። መቶኛው በ1 ሲጨምር እፍግታው የሚጨምረው በ0.005 ብቻ ነው። ስለዚህ እፍግታውን በ0.01 የሳተ ሰው መቶኛውን በ2 ይስታል፤ 2 ከ34 ውስጥ ሲታይ ወደ 6 በመቶ ስሕተት ነው። ያው 0.01 መቶኛው በሌላ መንገድ ቢታወቅና እፍግታው ለማባዛት ብቻ ቢያገለግል ኖሮ የሚያመጣው ስሕተት 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። እፍግታ ሁለት ጊዜ በሚሠራበት ስሌት ውስጥ ሦስተኛውን አሃዝ ማጣት ዋጋ ያስከፍላል።

ኅዳር 8

ይህን ሐሳብ ይዤ ወደ አንድ ባትሪ የሚሞላ ባለሙያ ጋ ሄድኩ። በከተማችን ባጃጅ ባለበት ሁሉ ባትሪ ሞይ አለ፤ ባትሪ ሞይ ባለበት ደግሞ የአሲድ መለኪያ አለ፤ የጎማ ኳስ ያለው የመስታወት ቱቦ፣ በውስጡ ተንሳፋፊ። ተንሳፋፊው ከፈሳሹ ጠልቆ የሚቆምበት መስመር እፍግታውን ይናገራል።

«ጋሼ፣ ሙሉ የሚባለው ስንት ሲያነብ ነው?» አልኳቸው።

«1280 ካነበበ ሞልቷል መምህር፤ 1120 ላይ ከወረደ ጨርሷል» አሉኝ። 1280 የሚሉት ውሃን 1000 አድርገው ነው፤ በእኛ አጻጻፍ 1.28 ማለት ነው።

ማታ ቤት ተቀምጬ ቁጥሮቹን ወደ ሞል ለወጥኳቸው። የሰልፈሪክ አሲድ የአንድ ሞል ክብደት 98.08 ግራም ነው። እፍግታው 1.28 ሲሆን መቶኛው 37.4 ገደማ ነው፤ 1280 × 0.374 ÷ 98.08 = 4.9 ሞል በሊትር። 1.12 ሲሆን ደግሞ መቶኛው 17.4 ገደማ ነው፤ ይህም 2.0 ሞል ያህል ነው። በሁለቱ ንባቦች መካከል ከእያንዳንዱ ሊትር ወደ 3 ሞል የሚጠጋ አሲድ ጠፍቷል፤ ሰልፌቱ ከእርሳሱ ሰሌዳዎች ላይ ተጣብቋል፤ በፋንታውም ውሃ ተፈጥሯል። እኚህ ሰው ሞል የሚለውን ቃል ሳያነሱ ቀኑን ሙሉ ሞል ሲለኩ ይውላሉ። መለኪያቸው ለእኛ አሲድ ይበቃል ወይ ለሚለው ግን መልሱ አይበቃም ነው፤ መስመሮቹ በ0.005 ወይም በ0.01 የተራራቁ ናቸውና፣ ኅዳር 5 ላይ ያሰብኩት ስሕተት በሙሉ ይገባበታል።

ኅዳር 10

የመበረዙ ቀን። መጀመሪያ አንድ ሊትር፣ በሊትር 0.1 ሞል፤ 0.02ው በኋላ ከዚህ ይበረዛል። በፒፔት ከሆነ 0.1 ÷ 11.05 = 9.05 ሚሊሊትር መውሰድ ነበረብን። እኔ የመረጥኩት ግን መመዘን ነው፤ ምክንያቱም ሚዛን ላይ ከሆነ እፍግታው ከስሌቱ ይወጣል። 0.1 ሞል 3.646 ግራም ሟሚ ነው፤ ይህም በ0.344 ሲካፈል 10.60 ግራም አሲድ ይሆናል፤ በቃ። እፍግታን የምንፈልገው የቦታ መለኪያ ስንይዝ ብቻ መሆኑን ተማሪዎቹ በዚህ ቀን በደንብ ያዩት ይመስለኛል።

የሚጨስ አሲድ ክፍት ሆኖ ሚዛን ላይ አይቀመጥም፤ ሚዛኑን ይበላዋል። ስለዚህ ክዳን ያለው ፍላስክ ውስጥ 100 ሚሊሊትር ያህል ውሃ አድርገን መዘንነው፤ ከሚዛኑ አውርደን አሲዱን በቀስታ ወደ ውሃው ጨመርን፤ ከድነን እንደገና መዘንን። ውሃ ወደ አሲድ ሳይሆን አሲድ ወደ ውሃ፤ ይህን በየጊዜው ጮክ ብዬ እናገራለሁ። የጨመርነው 10.63 ግራም ሆነ። ልክ 10.60 ለማድረግ መታገል አያስፈልግም፤ ስንት እንደገባ ማወቅ በቂ ነው። በስሌት የሚጠበቀው 0.1003 ሞል ነው። ከዚያ ወደ አንድ ሊትር ፍላስክ ገልብጠን፣ የመጀመሪያውን ፍላስክ ደጋግመን አለቅልቀን፣ እስከ ምልክቱ ሞላን።

ኅዳር 11

አሲዱን የምንፈትንበትን ሶዲየም ካርቦኔት በምድጃ ማድረቅ። መብራት ጠፍቶ መጣ፤ የማድረቂያው ሰዓት ከመጀመሪያው ተቆጠረ። ነገ የሚካኤል በዓል ስለሆነ ዱቄቱ በእርጥበት መጣጭ ዕቃ ውስጥ ያድራል፤ አይጎዳውም።

ኅዳር 13

ስሌታችንን የሚፈትነው ይህ ነው። እፍግታውም ሰንጠረዡም ሳይጠየቁ የአሲዱን ሞል በሌላ መንገድ ማግኘት አለብን። አንድ ሞል ሶዲየም ካርቦኔት ሁለት ሞል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያጠፋል፤ የአንድ ሞሉ ክብደት 105.99 ግራም ነው። ሚዛናችን እስከ መቶኛ ግራም ብቻ ስለሚያነብ፣ ለእያንዳንዱ ታይትሬሽን (አሲዱን በጠብታ እየጨመሩ የሚጠፋፉበትን ልክ መለካት) 0.13 ግራም እየመዘኑ መሥራት አያዋጣም፤ የመጨረሻው አሃዝ ብቻውን ብዙ በመቶ ስሕተት ይሸከማል። ስለዚህ 5.30 ግራም በአንድ ጊዜ መዝነን ወደ አንድ ሊትር አሟሟነው። ይህ በሊትር 0.0500 ሞል ነው፤ ከ25.00 ሚሊሊትሩ ውስጥ 1.25 ሚሊሞል አለ፤ የሚፈልገውም አሲድ 2.50 ሚሊሞል ነው።

ማብቂያውን በቀለም የሚነግረን ጠቋሚ ሜቲል ኦሬንጅ ነው። ከቢጫ ወደ ብርቱካናማ ሲዞር መቆም አለበት፤ ቀይ ከሆነ አልፏል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በውሃው ውስጥ ስለሚቆይ መጨረሻው ትንሽ ይደበዝዛል፤ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ፍላስኩን ለአፍታ አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ መጨረስ ለውጡን ጥርት ያደርገዋል።

የተስማሙት ንባቦች አማካይ 24.85 ሚሊሊትር ሆነ። 2.50 ÷ 24.85 = 0.1006 ሞል በሊትር። ከእፍግታው የጠበቅነው 0.1003 ነበር። ልዩነቱ ከሺህ 3 ነው። ወደ ኋላ ስናሰላው ጠርሙሱ 34.5 በመቶ ነው፤ በእፍግታ ያገኘነው 34.4 ነበር። ለ50 ሚሊሊትር ፍላስክና ለባልዲ ውሃ ይህ ጥሩ ውጤት ነው። ከዚህ አሲድ 200 ሚሊሊትር ወደ አንድ ሊትር ተበረዘ፤ 0.0201 ሞል በሊትር ተብሎ ተጻፈበት፤ ለጣናው ውሃ ተዘጋጅቷል።

አንድ ባልደረባዬ በድሮው ዘዴ አሲዱን አፍልቶ፣ ከዚያ በኋላ ቢፈላም መቶኛው የማይለወጥ ድብልቅ ላይ ማድረስ አይሻልም ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በባሕር ወለል ግፊት ያ ድብልቅ 20.2 በመቶ ላይ ይረጋል። ሆኖም መቶኛው ከአየር ግፊት ጋር ይለዋወጣል፤ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው ባሕር ዳር ግፊቱ ከ760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ወደ 610 ገደማ ስለሚወርድ፣ የታወቀውን ቁጥር እንዳለ መውሰድ አይቻልም። በዚያ ላይ በትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ አሲድ ማፍላት አልወድም።

ኅዳር 16

ሰልፈሪክ አሲዱም በዚሁ መንገድ ይመርመር ብለው ተማሪዎቹ ስለጠየቁ ዛሬ እሱን ያዝን። እዚህ ላይ ግን መንገዱ ይዘጋል። በ20 ዲግሪ የሰልፈሪክ አሲድ እፍግታ 95 በመቶ ሲሆን 1.8337፣ 96 ሲሆን 1.8355፣ 97 ሲሆን 1.8364፣ 98 ሲሆን 1.8361፣ 99 ሲሆን 1.8342፣ 100 ሲሆን 1.8305 ነው። ወደ ላይ ወጥቶ ተመልሶ ይወርዳል። የእኛ ጠርሙስ 1.836 ሆነ፤ ይህ ንባብ ከ96 በመቶ ጀምሮ እስከ 98 ድረስ የትኛውንም ሊሆን ይችላል። ሚዛኑ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ሁለት የተለያዩ መቶኛዎች አንድ እፍግታ ባላቸው ቦታ እፍግታ ብቻውን አይፈርድም።

መፍትሔው እፍግታው ከመቶኛው ጋር በግልጽ ወደሚለዋወጥበት ቦታ መውረድ ነው። 60.0 ግራም ውሃ በቢከር አድርገን፣ ቢከሩን በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቁመን፣ 40.0 ግራም አሲድ በቀጭኑ እያንጠባጠብን ጨመርን። በእጅ የማይያዝ ያህል ጋለ፤ ወደ 20 ዲግሪ እስኪመለስም ብዙ አስጠበቀን። እፍግታው 1.293 ሆነ። በዚህ አካባቢ ሰንጠረዡ 38 በመቶ ሲሆን 1.2855፣ 40 በመቶ ሲሆን 1.3028 ስለሚል፣ ድብልቁ 38.9 በመቶ ነው። 100 ግራሙ ውስጥ ያለው 38.9 ግራም ንጹሕ አሲድ የመጣው ከጨመርነው 40.0 ግራም ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጠርሙሱ 97.2 በመቶ ነው።

ተማሪዎቹ ሌላም ነገር አሰሉ። 60 ግራም ውሃ 60.1 ሚሊሊትር ነው፤ 40 ግራም አሲድ 21.8 ሚሊሊትር ነው፤ ሲደመሩ 81.9 ይሆናሉ። 100 ግራም ድብልቅ ግን 100 ÷ 1.293 = 77.3 ሚሊሊትር ብቻ ነው። 4.6 ሚሊሊትር የት ሄደ? የትም አልሄደም፤ ውሃውና አሲዱ ሲዋሃዱ ተቀራርበዋል። ክብደት ይደመራል፤ ይዘት ግን አይደመርም። «የሟሚውን ይዘትና የውሃውን ይዘት ደምሬ ለሊትሩ አገኘሁ» የሚል ስሌት ለምን እንደማልቀበል ከእንግዲህ ማስረዳት የሚኖርብኝ አይመስለኝም።

በጠርሙሱ ላይ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል፤ በክብደት 97.2 በመቶ፣ በ20 ዲግሪ እፍግታ 1.836፣ በሊትር 18.2 ሞል፣ ኅዳር 16። የሃይድሮክሎሪኩ ወረቀት ደግሞ 34.5 በመቶ፣ 1.171፣ 11.1 ሞል ይላል፤ ከሥሩም «ጠርሙሱ ለሥራ በተከፈተ ቁጥር እፍግታው እንደገና ይለካ» ተብሎ ተጽፏል። ቀጣዩ የአሞኒያው ጠርሙስ ነው፤ እሱ ደግሞ መቶኛው ሲጨምር እፍግታው ከውሃ በታች እየወረደ የሚሄድ ስለሆነ፣ ተማሪዎቹ ሰንጠረዡን ሳያዩ የትኛው ጠርሙስ እንደበረታ አስቀድመው እንዲገምቱ አዝዣቸዋለሁ።